ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ማከማቻ

ደባርቅ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ፣ የኢሜይሉን ሥራ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ኢሜይሉን የሚያስተናግዱ ሁለት ማሽኖች፣ ሁለት ሰርቨር፣ አቆምኩ፤ ጭነቱንም እንዲካፈሉት አደረግሁ። ደብዳቤዎቹ ግን የሚቀመጡት ሁለቱም በሚጋሩት አንድ ማከማቻ ላይ ነበር።

የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት፣ የማሽኖቹን ክፍል ሊያዩ መጡ።

«ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሣጥኑ ግን አንድ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ። ግን ውስጡ ብዙ ዲስክ አለ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዘዋል።»

«ሣጥኑ ራሱ ቢበላሽስ?»

ሌላ ቦታ ቅጂ የሚይዝ ማሽን ጠይቄ «ለከርሞ» ተብዬ ነበር። እሳቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባውን ደብዳቤ ሁሉ እያተሙ ፋይል ያደርጉ ጀመር። ሠራተኛው ሳቀባቸው። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

ክረምት ገባ። ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አይለቅም፤ የክፍሉ ግድግዳ ወዛ። መብራት በቀን ሦስቴ አራቴ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ ማሽኖቹ መጮሃቸውን አዳምጣለሁ።

እትዬ ለቅሶ ሊደርሱ አምባ ጊዮርጊስ በሄዱበት ሳምንት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያገናኘው ገመድ ተላቀቀ። እያንዳንዱ ሌላው የሞተ መሰለው። ሁለቱም ማከማቻው ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፉ፣ አንዱ የሌላውን ያጠፋ ጀመር። እኔ ፊት ያለው ስክሪን ላይ ሁሉም ደህና ነው የሚለው አረንጓዴ ምልክት ነበር። ከምሳ በኋላ አንዲት ሠራተኛ መጥታ «ደብዳቤዎቼ የማይነበብ ነገር ሆኑብኝ እኮ» ስትለኝ ወደ ማሽኖቹ ክፍል ሮጥኩ።

የድሮዎቹን ከእትዬ ፋይል አገኘናቸው። የዚያ ሳምንት ደብዳቤዎች ግን፣ የሚያትማቸው ስላልነበረ፣ ጠፉ።

ከነዚያ መካከል ተራራው ላይ፣ ከቡይት ራስ በላይ የምታስተምር መምህር የላከችው የዝውውር ማመልከቻ ነበር። እናቷ ዳባት ብቻቸውን አልጋ ይዘዋል። መልስ ስታጣ ቢሮዬ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ።

«ይኸው፣ ልኬያለሁ። ደርሷልም ብሎኛል።»

ይዣት የዝውውር ኮሚቴው ዘንድ ገባሁ። ምደባው ተዘግቷል አሉን። በወሩ ሥራዋን ለቃ ወደ እናቷ ሄደች።

ዳባት ስወርድ አንዳንዴ አገኛታለሁ። «መብራቱ ነው አይደል ማመልከቻዬን ያጠፋው?» ትለኛለች፣ ልታጽናናኝ። ገመዱ ከመላቀቁ ከሦስት ቀን በፊት መላላቱን አይቼ «ነገ አጠብቀዋለሁ» ብዬ እንዳለፍኩት እስካሁን አልነገርኳትም።