ሳንጣላ የታረቅንባት ሳምንት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከባለቤቴ ከኪሮስ ጋር ወደ ጀርመን ልንሄድ ስንል፣ ሰቆጣ አጠገብ ባለችው ጋዝጊብላ ውስጥ በአክስቱ ቤት ባሳለፍናት አንዲት ሳምንት ያጋጠመን ነው። ሳወራው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን ከዚያች ሳምንት በአንዱ ቀን ባሌን ላጣው ነበር።

እኔ ነርስ ነኝ። ሰቆጣ እየሠራሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርመንኛ ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ በመጨረሻ ጀርመን አገር አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሥራ አገኘሁ። ቪዛው ለሁለታችንም ወጣ። ኪሮስ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ጠርቦ ይገነባል። ሰቆጣ ውስጥ በእሱ እጅ የቆመው አጥርና ቤት ብዙ ነው።

የተከራየነውን ቤት አስረክበን፣ አልጋና ቁምሳጥኑን ሸጠን ስንጨርስ ለመንገዳችን ስምንት ቀን ቀረን። ከተማ ብንቆይ ሰው በስንብት ሊጨርሰን ነው። በየቤቱ ብሉ፣ በየቤቱ ጠጡ፣ በየቤቱ አልቅሱ። የኪሮስ አክስት ደግሞ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሰቆጣ ገብተው ነበርና፣ ቤቴ ባዶ ነው፣ ሄዳችሁ እረፉበት ብለው ቁልፉን ሰጡን።

ቤቷ ትንሽ ናት። የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ደጇ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ እስከሚቀዳበት ምንጭ ድረስ የገብስ ማሳ ነው። ስልኬን አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ተኛሁ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ስንት ጊዜዬ!

ችግሩ ኪሮስ ያንኮራፋል። እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እባክህ ለዚህች ሳምንት እንኳ ማረኝ ብዬ ለመንኩትና ቀን ቀን እኔ ስተኛ እሱ ቁርበት ይዞ ወይራው ሥር ይተኛ ጀመር። ደክሟታል ብሎም ጀሪካን ተሸክሞ ምንጭ የሚወርደው እሱ ሆነ። በሶ በጥብጦ በመስኮት ያቀብለኛል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እቀበላለሁ። በትዳር ዘመኔ እንዲያ ተቀማጥዬ አላውቅም።

ለካ መንደሩ እያየን ኖሯል። እዚያ በጠራራ ፀሐይ በሩ የተዘጋ ቤት ወይ ሐዘን አለበት፣ ወይ ሕመም፣ ወይ ጠብ። አልቃሽ አልተሰማ፣ ሐኪም ቤት የሄደ የለ። ባል ውጭ ይተኛል፣ ውሃ የሚቀዳው ባል ነው፣ ሚስት እጇ እንጂ ፊቷ አይታይም። ተጣልተዋል ተብሎ ተፈረደብን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። አንደኛው ጎረቤታችን አባ ደሳለ ናቸው፤ ኪሮስን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጉት። ሁለተኛው አያ ምስጋን የሚባሉ፣ በመንደሩ ጠብ በተነሳ ቁጥር የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሊጠይቁን የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝና በሶ በማር ለውሼ አቀረብኩ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

አያ ምስጋን ነገሩ ሳይበርድ እህል እንደማይቀምሱ ነገሩን። ኪሮስ የምን ነገር ብሎ ደነገጠ፤ አልተጣላንም ብሎ ማለ። እኔም ማልኩ፤ ስለ ማንኮራፋቱ ሳይቀር ዘረዘርኩ። ሁለቱ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ትንሽ ተነጋገሩ። እኔ ከፊሉን ብቻ ነው የምሰማው፤ ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው ያሉ መሰለኝ። ከዚያ አባ ደሳለ ቀስ ብለው፣ ሰው አገር ሲለቅ ቅሬታ ይዞ አይወጣም፣ እዚያ ማን ያስታርቃችኋል፣ ያለውን እዚሁ አውጡት አሉ።

እኔ ሳቄ መጣ። ሰዎቹ እንዲበሉልን የሆነ ነገር በል ብዬ ኪሮስን በክርኔ ጎሰም አደረግኩት። በቃ፣ ከአልጋዬ አባረረችኝ ይበልና ይገላገሉ ብዬ ነው።

ኪሮስ ግን አልሳቀም።

"አንድ ነገር አለኝ" አለ። "እንሂድ ወይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።"

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እውነቱን ነው። ፎቶ ተነሳ ብዬዋለሁ። እዚህ ጋ ፈርም ብዬዋለሁ። ወፍራም ጃኬት ልግዛልህ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ትሄዳለህ ወይ ግን አላልኩትም። ሰው እንኳን ደስ አላችሁ ሲለን እሱም ፈገግ ይል ስለነበር፣ የኔ ደስታ የሱም መስሎኝ ነበር።

እዚህ ድንጋይ ስይዝ ሰው ያውቀኛል፣ እዚያ ሄጄ ምን ልይዝ ነው አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አባ ደሳለ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ ልጄ፣ አሁን ጠይቂው። እኛ ባለንበት።"

ፈራሁ። አልሄድም ቢለኝስ? ቀኑ ተቆርጧል፤ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ የምንመለስበት ቤት የለን፣ የምንተኛበት አልጋ የለን። ተነስቼ ጉልበቱን ያዝኩ።

"ኪሮስ፣ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?"

ብድግ አለና ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ።

ገብሱ መሐል ገብቶ እስኪሰወርብኝ ጀርባውን አየሁት። ምንጩ ደርሶ መልስ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ያን ቀን ግን ቆየ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ በሶው እንዳለ ነው፤ እኔ ዝንብ እሽ እላለሁ። አያ ምስጋን ሊያጽናኑኝ ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወሩኛል፤ አንዱንም አልሰማሁ። በልቤ እሱ ካልሄደ አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። ስቆርጥ ደግሞ አለቀስኩ፤ የሁለት ዓመት ድካሜ ነው እኮ።

ሲመለስ ጀሪካኑ ሞልቷል። ማንንም ሳያናግር ገብቶ ማስታጠቢያውን አመጣ፤ አባ ደሳለ ፊት ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያዘላቸው።

"አባ፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ እህልም ይቅመሱ" አለ። "እንሄዳለን።"

እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። አባ ደሳለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ የኔ ነው አልኩ። አጉርሺው ብለው ፈረዱብኝ፤ አጎረስኩት። እነሱም በሉ፣ መረቁን። ሊሄዱ ሲሉ አያ ምስጋን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ለመሆኑ እውነት ያንኮራፋል ወይ አሉኝ። እግዜር ያሳይዎት አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ በሩ ክፍት ሆኖ ሰነበተ፤ ጎረቤቱ እንቁላሉንም ወተቱንም ይዞ ሲመላለስ እንቅልፌም እዚያው አበቃ።

አሁን ጀርመን ነን። ኪሮስን የመጀመሪያው ክረምት በጣም ከብዶት ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ድንጋይ ከሚያነጥፉ ሰዎች ጋር ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ያነጠፈው ላይ ያራምደኛል፣ በእግርሽ ልኪው እያለ። እዚህ በር ሁሉ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ ተጣላችሁ ወይ ብሎ የሚመጣ የለም። ስለዚህ አንዳችንን ከከፋን፣ እንደ ሽማግሌዎቹ ማዕድ ቀርቦ እጃችንን አንዘረጋም። ያኔ ሌላኛችን ምን ሳልጠይቅህ ቀረሁ፣ ምን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ ይላል።

አባ ደሳለን ዕድሜ ይስጥልኝ። ያን ቀን ባይሳሳቱ ኖሮ እዚህ አገር ይዤ የምገባው አንድ ዝም ያለ ሰው ነበር።