ጌታነሽ ለባና ተራ የመረጠችው ቃል

ጌታነሽ በመሐል ሜዳ የቅዳሜ ገበያ፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ በሚሸጥበት ባና ተራ፣ የበግ ጠጉር ፈትላ ትሸጣለች። ሴት ልጇ እየሩስ ሁለት ዓመቷ ነው። ገበያተኛ ሲበዛ ሕፃኗን በጭናቸው የሚይዙላት ከጎኗ የሚቀመጡት እማማ አስካለ ማርያም ናቸው።

አንድ ሰኞ የባና ሠሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ መርስዔ ኃዘን ጠሯት። “አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽው አንቺ ነሽ። ወደ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ የሚያልፉ የውጭ አገር እንግዶች ቅዳሜ ይመጣሉ። ስለ ተራችን በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፊና አንቺው ተቀበያቸው። ካማረልሽ እንግዳ ተቀባይነቱ ያንቺ ነው፤ ደመወዝ አለው።”

በደስታ ዘላ ገባችበት። ግን ተራው በሰው መሙላቱን የምትናገርበት አንዲት ቃል ሦስት ቀን ያዘቻት። “ክራውድድ” ብላ ጻፈችና ሰረዘችው፤ መተንፈሻ የጠፋ ያስመስላል፣ እንግዳ ያስፈራል። “ፓክድ” ስትል የተጠቀጠቀ ጆንያ ታያት። “ቢዚ” ደህና ነበር፤ ግን የባንክ ቤት ወረፋም ቢዚ ነው። በመጨረሻ ጠርዙ ካለቀው መዝገበ ቃላቷ “ባስሊንግ”ን አወጣች፤ ሰው የሚርመሰመስበት፣ ሞቅ ያለ።

“እማማ፣ ተራችን ተጨናንቋል ይባላል ወይስ ደምቋል?”

“እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ፈትሌን የሸጥሁ ቀን ደምቋል። ሳልሸጥ የገባሁ ቀን እግሬን የረገጠኝ ሁሉ ነው የሚታየኝ” አሉና ሳቁ።

ዓርብ ወደ ማምሻው እማማ አስካለ ማርያም በድንገት አረፉ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የእድሩ ጥሩምባ ባና ተራ ድረስ መጣ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን ሸፍኖ ተነሣ።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ!” አለቻት አማከለች የምትባለው የተራው ጎረቤቷ።

“እንግዶቹ ሊመጡ ነው። እደርስባችኋለሁ።”

“እንግዳ ነገም ይመጣል። እሳቸው ነገ አይቀበሩም!”

ጌታነሽ ቀረች። ያ ወረቀት ደመወዝ ነው፣ ደመወዙ የእየሩስ ጫማና ትምህርት ነው እያለች ራሷን አጽናናች።

እንግዶቹ መጡ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበች፤ ቀና ብላ ተራውን አየች። አንዲት ሴት፣ አንዲት ሕፃን፣ አንድ የተኛ ውሻ። ፈገግ ብላ ሰዎቹ የት እንደሄዱ ጠየቀች።

ቀብር ናቸው ብትል፣ “አንቺስ?” መባሉ አይቀርም። “ምሳ ሄደው ነው” አለች ጌታነሽ በጥሩ እንግሊዝኛ።

ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደወል ተሰማ። እየሩስ ወደ እማማ አስካለ ባዶ መቀመጫ እጇን ዘርግታ “እማማስ?” አለች። የጌታነሽ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። እንግዶቹ ፎቶ አንሥተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተመልሳ ልትሄድ ስትል የእማማ ልጅ አትናቴዎስ አያት።

“ጠጋ ጠጋ በሉላት! እናቴ ልጄ የምትላት እኮ ናት።”

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አማከለች ፊቷን ሳታዞር ጉልበቷን ሰብሰብ አደረገች፤ በትከሻና በትከሻ መካከል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። ጌታነሽ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

“እንግዶቹ መጡ?” አሉ ጋሽ መርስዔ ኃዘን ቀስ ብለው።

ዳግመኛ መዋሸት ትችል ነበር። “መጡ። ሰዎቹ የት ናቸው ሲሉኝ ምሳ ሄደዋል አልኋቸው።”

“ምነው ቀብር ናቸው አላልሽም? እንግሊዝኛው ጠፋሽ?”

“እንግሊዝኛውስ አልጠፋኝም፣ ጋሼ።”

“በይ ደግመሽ ጻፊው” አሉ ሽማግሌው። ሥራው ያንቺ ነውም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌታነሽ ከእማማ ባዶ መቀመጫ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እየሩስን በጭኗ ይዛ፣ “ባስሊንግ”ን ሰረዘች። በምትኩ ያለ ጌጥ “ቢዚ” ብላ ጻፈች። ከሥሩም ሦስት ጊዜ እየሰረዘች አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ ከመካከላችን ሰው ሲሞት ይህ ተራ ባዶ ይሆናል፤ እንግዳ ሆይ፣ ያን ቀን እኔንም እዚህ አታገኘኝም።