ወንድሜ ሰውነቱ የነቃ ሰሞን

ወንድሜ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀምር አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። በቱርሚ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ የኖረ ጎረምሳ፣ ሰው ደግፎት ጂንካ እኔ ቤት ገባ።

ይሻለዋል ስል ጭራሽ ባሰበት። አንገቱ አበጠ፤ ትኩሳቱ ያቃዠው ጀመር። ሰማይ ተደፋብኝ። እናታችን ከካኮ መጣችና ይዘነው ሆስፒታል ሄድን።

ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። "መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያዳክምለት ተዋጊ ሴሎቹ ነቁ። ሴሎች የሚጠራሩባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ አሁን እነሱ በዙ። ተደብቆ የኖረ ቲቢ ነበረበት፤ ሰውነቱ ገና አሁን አግኝቶት እየተዋጋው ነው። እብጠቱም ትኩሳቱም ከዚያ ነው። የቲቢውን መድኃኒት እንጨምርለታለን፤ የኤችአይቪውን ግን አደራ፣ እንዳታቋርጡበት።"

እናቴ አሰብ አደረገች። "እኛ አገር ከብት ሲዘረፍ አንዱ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፤ የሰማው ተቀብሎ ለሌላው ያሰማል። እንዲያ ነው?"

"ልክ ነሽ እማማ፣ እንዲያ ነው።"

"ታዲያ የወጣው ሰው ብዛት ማሳውን ረግጦ ይጨርሰው የለ?"

ነርሷ ፈገግ አለች። ሌላ በሽተኛ እየጠበቃት ስለነበር ተነሳን።

እኔ ገበያ ሙዝ ስሸጥ እናቴ ታስታምመዋለች። ጥቂት ቆይቶ የአንገቱ እብጠት ጎደለ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ገንፎም ቀመሰ። እሰይ! ጎረቤት ተሰብስቦ በመዝሙር አመሰገነ። ሰው ሲበተን እናቴ ጠጋ ብላ፣ "ክኒኑን በሙሉ ሽንት ቤት ጣልኩት። ኮረብታው ላይ ያለው ጠሪ ዝም ሲል ልጄ አረፈ" አለችኝ። ፊቷ በደስታ ይበራ ነበር።

ወይኔ ጉዴ! እየሮጥኩ ነርሷ ጋ ሄድኩ። "እብጠቱ የጎደለው ስለዳነ አይደለም፤ የሚዋጋለት ስላጣ ነው" አለችኝ። ሌላ ክኒን ይዤ ተመለስኩና አልጋው ሥር ተንበረከክኩ።

"እህቴ፣ ገና አሁን መተንፈሴ ነው፤ ለምን ታሰቃዪኛለሽ?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እግሩን ሳምኩ፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩ። አንዲት ፍሬ እንኳ አልዋጠልኝም።

ዝናቡ ሳይገባ ቀበርነው።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ዛሬም ሰው በመጣ ቁጥር፣ "ያ መድኃኒት ነው ልጄን የበላው። እኔማ አድኜው ነበር" ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መልስ ትጠብቃለች። "አዎ እማዬ፣ አድነሽው ነበር" እላታለሁ።