የታጠበው ስንዴ

ገነተ ማርያም አካባቢ ስሜነሽን የሚያውቃት ሁሉ ሾተላይ አለባት ይላል። ልጅ የማይበረክትላት፣ ወልዳ ወልዳ የምትቀብር ሴት ናት ለማለት ነው። ይበሉ። የሰው አፍ መቼ ያርፋል! እውነቱን በጊዜው ያወቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አልተነፈሱም። አሁን እማማ አሰለች አርፈዋል፣ አፈር ይቅለላቸውና፣ ብናወራው የሚጎዳው የለም።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ሰባት ነው። ያን ዓመት የላስታን ሰው ምን በላህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስሜነሽ የበኩር ልጇን ጋሻዬን የተገላገለችው ሚያዝያ ላይ፣ በሬዎቹ ካለቁና ጎታው ከተጠረገ በኋላ ነው። ባሏ ፈንታው የሚበላ ሥራ ሥርና ቅጠል ፍለጋ ገደል ለገደል ሲንከራተት ይውላል። ቤቱን የያዙት እናቱ እማማ አሰለች ናቸው። ሥጋቸው አልቆ አጥንታቸው ይቆጠር ነበር፤ አዛዥነታቸው ግን ትንሽም አልከሳም።

ሰኔ መግቢያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ጠርቶ የዘር ስንዴ አደለ። ስንዴው ቀይ ነው፤ በቀለም የተነከረ። ካድሬው ጆንያው ላይ ቆሞ፣ ይህ ዘር መድኃኒት አለው፣ ለመሬት እንጂ ለሆድ አይደለም፣ የበላው ይሞታል ብሎ ተናገረ። እንግዲህ ፍረዱ። ይኸው ሰውዬ አምና እዚያው ቦታ ቆሞ፣ ረሃብ የለም፣ የሚያወሩት ጠላቶች ናቸው ብሎ ነበር። ውሸታም እውነት የተናገረ ዕለት ማን ያምነዋል? እማማ አሰለች ከንፈራቸውን አጣመው፣ እንዳንበላው ሊያስፈራሩን ነው እንጂ ማን እህልን ያህል ነገር መርዝ ይቀባል አሉ።

ቢሆንም ሞኝ አልነበሩም። በቤቱ የቀረችውን አንዲት ዶሮ ጠርተው እፍኝ ስንዴ በተኑላት። ዶሮዋ ለቅማ ጨረሰች፤ በማግስቱም፣ በሳልስቱም እየጫረች ዋለች። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል! ግማሹን ፈንታው ዘራው፣ ግማሹን እማማ አሰለች በጋን ሸሸጉት። ከዚያም እያወጡ ሰባት ጊዜ አጠቡት። ሰባተኛው ውሃ ጠርቶ ሲወርድ፣ ቀለሙ ከሄደ መርዙም ሄዷል ብለው አማተቡና ፀሐይ ላይ አሰጡት።

አንዲት ፍሬ ግን ወደ አፋቸው አላስገቡም። ለገዛ ልጃቸው ለፈንታውም አላቀመሱትም። ስንዴው የአራስ ነው፣ አራስ ስትበላ ሁለት ነፍስ ይበላል እያሉ ጠዋት ቆልተው፣ ማታ ቀቅለው ለስሜነሽ ያቀርባሉ፤ ካልጨረሰች ከፊቷ አይነሡም። አንድ ቀን ጥቂት ልታጎርሳቸው ብትሞክር እጇን መቱት። የጎረቤት ሴት ጡት ሁሉ ሲደርቅ የስሜነሽ ወተት ቀሚሷን አልፎ ያረጥብ ነበር። እማማ አሰለች ይህን ሲያዩ ረሃባቸውን ይረሱታል።

ነሐሴ ላይ የስሜነሽ የእጇ ጀርባ ፀሐይ በነካው ቁጥር ውሃ ይቋጥር ጀመር። ሽንቷ እንደ ጠላ ጠቆረ። ጋሻዬ ደግሞ ገላው ላይ ቀያይ ቁስል ወጣበት። መጀመሪያ አለቀሰ፣ ኋላ ማልቀሱን ተወው፣ ከዚያ ሰውነቱ እየተገተረ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስሜነሽ በባሰበት ቁጥር ታጠባዋለች፤ እናት ሌላ ምን ታውቃለች! መስቀል ሳይደርስ ቀበሩት። ያን ዓመት ሕፃን መቅበር ወሬ አልነበረምና ረሃቡ ነው ተባለ፣ ተለቀሰ፣ አለፈ።

ሁለተኛው በሰባ ዘጠኝ መጣ። አሁን ዝናቡም ዘንቧል፣ እህሉም ተገኝቷል፣ ቀዩ ስንዴ ካለቀም ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ልጁ ግን በሁለት ወሩ ያንኑ ቁስል አወጣ፣ ያንኑ መንቀጥቀጥ ተንቀጠቀጠ፣ ሞተ። አሁን በረሃብ ማሳበብ አልተቻለም። ሾተላይ የተባለው ያኔ ነው። እማማ አሰለች አሸተን ማርያም ወስደው ጠበል አስጠመቋት፣ ክታብ አስጻፉላት። ፈንታው ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ብቻ ፊቷን አላይ አለ። እሷን ከሁሉ ያንገበገባት ይኸ ነበር።

ሦስተኛውን ባረገዘች ጊዜ ለባሏም ለአማቷም ሳትነግር ላሊበላ ሄዳ ጤና ረዳቱን አየችው። ምስጋኑ ይባላል፤ ቁጡ ነው፣ ግን ሰው ያዳምጣል። የእጇን ጠባሳ ገልብጦ አየና፣ ያንን ቀይ ስንዴ በልተሽ ነበር ወይ አላት። ደነገጠች። የመንግሥት ዘር በላሁ ብሎ ማመን ያሳስር ነበር። እሱም ካድሬ አይደለሁም አላትና ጉዱን ነገራት። ከሦስት ቀበሌ አሥራ አንድ እናቶች በዚሁ ቁስልና በዚሁ መንቀጥቀጥ ልጅ ቀብረዋል፤ ሁሉም ያንን ስንዴ አጥበው የበሉ ናቸው። እናታቸው ሞታባቸው በእርዳታ መጠለያ በቆርቆሮ ወተት ያደጉት ግን ድነዋል። መድኃኒቱ በውሃ አይለቅም፣ የሚታጠበው ቀለሙ ብቻ ነው አላት። ከበላው ሰው ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ እናት ስታጠባ ከወተቷ ጋር ይወጣል።

«ዶሮዋስ?» አለችው ስሜነሽ። «ዶሮዋ በልታ ምንም አልሆነችም እኮ።»

ምስጋኑ «ዶሮ አታጠባም፣ እቴ» አላት።

ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ለሁለቱም ልጆቿ እንደ አዲስ አለቀሰች። እያባበለች፣ እየሳመች፣ በገዛ ጡቷ ነው ለካ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ልቧን ወጋት። እማማ አሰለች ይህን ቢሰሙ አንዲት ቀን አያድሩም። ራሳቸው ያልቀመሱትን አጥበው፣ ቆልተው፣ እጇን መትተው ያበሏት እሳቸው ናቸው። ለማንም እንዳይናገር ምስጋኑን በልጆቿ አጥንት አስማለችው። እሱም በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ።

ወደ ቤት ስትመለስ ዘዴው መንገድ ላይ መጣላት። በአገሩ ደንብ ሾተላይ ያለባት ሴት የወለደችውን ለሌላ ሴት ትሰጣለች፣ ክፉው ነገር የማን ልጅ እንደሆነ እንዳያውቅ። እንግዲያው ሾተላይ ናት ካሉኝ ሾተላይ ልሁንላቸው አለች። ጀውሀራ የምትባል የጨው ነጋዴ የሸዕባን ሚስት ከቆላ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፤ ያንን ስንዴ በዓይኗም አላየችው። አብዱልሀሚድ የሚባል ልጇን ታጠባለች። ስሜነሽ እውነቱን ለእሷ ብቻ ነገረቻት። ጀውሀራ ሰምታ ደረቷን ያዘች። በእሷ እምነት አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸውና፣ ሴት ከወለድሽ ለልጄ አትዳርም፣ ከአሁኑ ዕወቂው ብላ ቀለደችባት። ስቀው ሳይጨርሱ ሁለቱም አለቀሱ።

ጥር ላይ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሙሉዬ አሏት። ልጅቱን ለሌላ ሴት የመስጠቱን ነገር እማማ አሰለች እሺ አሉ፣ የእስላም ጡት መሆኑ ግን ከበዳቸውና የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ ሊባኖስን አማከሩ። የሁለቱንም ሕፃናት ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ፍትሐት ከማደርስስ ካገኘችው ትጥባ ብለው አሰናበቷቸው።

ልጅቱ ሄደች፤ የስሜነሽ ጡት ግን ይህን ከየት ይስማ። ሞላ፣ ጠጠረ፣ አተኮሳት። ጓሮ ካለው ክትክታ ሥር እየሄደች አልባ ትደፋዋለች፤ ድመት እንዳትልሰውም አፈር ታለብሰዋለች። ከልጆቿ መቃብር ይልቅ እዚያ ክትክታ ሥር ብዙ አልቅሳለች።

በሦስተኛው ሳምንት ጀውሀራን ንዳድ ጣላትና ወተቷ ቀነሰ። እማማ አሰለች ሙሉዬን አቅፈው መጡ። ሕፃኗ በረሃብ ድምጿ ሰልሏል። በስሜነሽ ጉልበት ላይ አስቀመጧትና «አንድ ጊዜ ብቻ አጥቢያት። አንድ ጊዜ አይገድልም፣ ልጄ» አሏት።

የሕፃኗን ድምፅ ስትሰማ ወተቱ በቀሚሷ ላይ ወረደ። ሙሉዬ ሽታው አውዷት አፏን ከፍታ ጨርቁን ትፈልግ ነበር። ስሜነሽ አንገትጌዋን ፈታች። ከዚያ የጋሻዬ የተገተረ ገላ ፊቷ ድቅን አለ። ልጅቱን ለአማቷ መልሳ የፍየል ወተት ለመለመን ጎረቤት ሮጠች፤ አፍልታ፣ በውሃ አቅጥና በጨርቅ ጫፍ ጠብ ጠብ አደረገችላት። እማማ አሰለች ይህን ቆመው አዩና «አንቺስ ልብሽ ድንጋይ ነው» አሏት። አንድ ቃል ብትናገር ያ ስድብ ይመለስ ነበር። ዋጠችው። ጀውሀራ በሳምንቷ ተነሣች።

ሙሉዬ ዳነች። ቁስል አላወጣችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። ሁለት ዓመት ሞልቷት ጡት ስትጥል ወደ ቤቷ መለሷት፤ እሷ ግን እማዬ የምትለው ጀውሀራን ነው፣ ስሜነሽን ከሰፈሩ ሴት ለይታ አታውቃትም። እንግዲህ በአገራችን ያልወለዱትን የራስ ማድረጊያ ደንብ አለ፤ አውራ ጣትን ማር ነክሮ ማጥባት ነው፣ የጠባውም የጡት ልጅ ይባላል። ይህ ደንብ ለባዳ የተሠራ ነው። ስሜነሽ ለወለደቻት ልጅ አደረገችው። ማሩን ያመጡላት እማማ አሰለች ናቸው።

ሙሉዬ ጣቱን እየጠባች ሳለ አሮጊቷ አጠገባቸው ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ጠጉር ዳሰሱ።

«በዚያ ክፉ ቀን ያንን ስንዴ አጥቤ ባላበላሽ ኖሮ አንቺም ይቺም ዛሬ አትኖሩም ነበር» አሏት።

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለች ስሜነሽ፣ ጣቷን ከልጇ አፍ ሳታወጣ። «በእጅዎ ነው የተረፍኩት።»

ሙሉዬ ማሩን ልሳ ስትጨርስ ጣቱን ለቀቀችና እማዬ ጋ ውሰዱኝ አለች።