በተጎዳ እጅ የሚከፈት መሳቢያ

ሐርጌሳ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የሐጂ ዩሱፍ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐጂ አንድ ሻካራ ጣውላ ፊቴ አኖሩና፣ "ልገው ሙሄ፣ እስቲ እንይህ" አሉኝ። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥን ነበር።

መላጊያ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን መጋዝና መሮ ሁሉ ገለባበጥኩ። አጣሁት። "ከፍቅፋቂው ሥር ነው" አሉኝ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው። ዋና አናጢው ጋሽ ሰዒድ ነበሩ፤ እንደ እኔ የወሎ ሰው። "ግማሹን ቀን ትፈልጋለህ፣ ግማሹን ትሠራለህ። ትለምደዋለህ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ለመድኩት። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እንሠራ ነበር። ዋና አናጢው ይለካል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ደንበኛ ያነጋግራል። እኛ እንቆርጣለን፣ እንልጋለን፣ እናጣብቃለን። ጋሽ ሰዒድ ምልክት ያደረጉበትን እንጨት ደግሜ ለክቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ጋሽ ሰዒድ ዓይናቸውን ከሚሠሩት በር ሳይነቅሉ ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ ለማንሳት ቀኝ እጃቸውን ወደ ክምሩ ሰደዱ። ከሰጋቱራው ውስጥ ስለቱ ወደ ላይ የዞረ ሰፊ መሮ ነበር። መዳፋቸውን ከጣቶቹ ሥር ሰነጠቀው። በሽርጥ አስሬ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በሩ ላይ ደም እንዳይቀር፣ ጥረገው።"

ቁስሉ ዳነ። ሲደርቅ ግን ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ አስቀራቸው። አይዘረጉም፣ አይጨብጡም።

ሐጂን ጋሽ ሰዒድ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳቸው።

"ሰዒድ አገሩ ይግባ። መኪናውን እኔ አዘጋጅለታለሁ" አሉ። "በአንድ እጅ አናጢነት የት አለ?"

"ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እኮ እዚህ ሼክ ኑር ሰፈር ናቸው።"

"አውቃለሁ። ወላሂ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።"

ያን ቀን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ግን ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ጋሽ ሰዒድ በግራ እጃቸው መለካትና ምልክት ማድረግ ይችላሉ። የሚቸገሩት በአንዱ እጅ እንጨቱን ይዘው በሌላው ዕቃ ከክምር ማውጣት ላይ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የሚገባ ባለ መሳቢያ ሳጥን ብሠራ፣ ሁሉም ዕቃ ቦታ ቢኖረው፣ መሥራት ይችላሉ አልኩ።

"ሳጥን እጅ ያበቅላል?" አሉኝ።

"አያበቅልም።"

ሐጂ በመቁጠሪያቸው ጥግ ወዳለው የእንጨት ቁርጥራጭ ጠቆሙ። "ቁርጥራጩን ውሰድ። ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሥራው። ካልሆነ ግን ነገሩ አለቀ።"

ጋሽ ሰዒድን ለማምጣት ሼክ ኑር ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። "ለምንልኝ ብዬሃለሁ?" አሉኝ። "ለእርስዎ ብዬ አይደለም" አልኩ። "እርስዎ ከሄዱ ወዲህ በሮቹ እየተጣመሙብን ነው።" እውነት ነበር። በነጋታው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ክፈፉን ከአሮጌ የበር እንጨት፣ ጎንና ጎኑን ከኮምፔንሳቶ፣ መሳቢያዎቹን ከአዲስ የጣውላ ቁርጥራጭ ሠራሁ። የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳስገባው መሀል ላይ ያዘኝ።

"ጥግ ለጥግ ለክተኸዋል?" አሉ ጋሽ ሰዒድ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። ለካሁት፤ አንደኛው ሰያፍ ከሌላው ይበልጣል። ኮላው ሳይደርቅ ፈታሁት። ድጋሚ ስገጥመው ደግሞ፣ "ጠበቅ ይበል። ይሄ እንጨት ከበርበራ ወደብ እንደ ወረደ ነው፣ እርጥብ ነው። የሐርጌሳ ደረቅ ነፋስ የቀረውን ይልገዋል" አሉኝ።

መሳቢያዎቹ ካለቁ በኋላ ክብ እጀታ ገጠምኩባቸውና "ይሞክሩት" አልኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። የታጠፉት ጣቶች እጀታውን መያዝ አቃታቸው፣ ተንሸራተቱ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ። "ይሄ ሙሉ እጅ ላለው ሰው ነው" ብለው ወጡ።

ተመልሰው የሚመጡ አልመሰለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሳጥኑን የሠራሁት በራሴ እጅ ልክ ነው።

በነጋታው ግን ከሁላችንም ቀድመው መጥተው አገኘኋቸው። እጀታዎቹን ነቅለው በየመሳቢያው ፊት በግራ እጃቸው በእርሳስ ግማሽ ጨረቃ ስለውበታል። "ይሄን ቁረጥልኝ" አሉኝ። "ጣቴ ታጥፎ ቀርቷል አይደል? እንግዲህ እንደ መንጠቆ ይግባበት።" ቆረጥኩ። ጠርዙን ራሳቸው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። መሳቢያው የሚሄድበትን ሻማ ቀባነው። ተስቦ እግር ላይ እንዳይወድቅ ከኋላ ማቆሚያ አደረግንለት። ለመሮዎቹ ስለታቸው ወደ ታች የሚገባበት መደብ ሠራን። ቀኝ እጃቸውን አስገብተው ሲስቡት መሳቢያው ያለ ድምፅ ወጣ። "ቢስሚላህ" አሉና መልሰው ዘጉት። እንደገና ከፈቱት።

ሐጂ ዩሱፍ አንድ ሁለት ቀን ከበሩ ላይ ሆነው ተመለከቱን። ጋሽ ሰዒድ በቀኛቸው መሳቢያ እየሳቡ በግራቸው ይለካሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ገቡና መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ዘጉ። "ሰዒድ ይቆይ" አሉ። "ዋና አናጢው ግን ሙሄ ነው። ደንበኛም የሚያነጋግረው እሱ ነው።"

ይህን አልጠየቅኩም። አልቀበልም ማለትም አልቻልኩም፤ ሐጂ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ሰዒድ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ውጪ አያናግሩኝም ነበር። ምሳም ለብቻቸው መብላት ጀመሩ።

በዚህ ሁኔታ ሳለን አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት መደርደሪያ ልታዝ መጣች። ሒሳቡን እያወራን ዓይኗ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሳጥን ሄደ። ጎንበስ ብላ አንዱን መሳቢያ ሳበችው። "እጀታ የለውም" አለች በሶማሊኛ። "እናቴ ቁርጥማት አለባት፣ ክብ እጀታ አትይዝም። ይሄን ማን ነው ያሰበው?"

ወደ ጋሽ ሰዒድ አመለከትኩ። "እሳቸው ናቸው። እሳቸውን አነጋግሪ።"

ለእናቷም እንዲህ ያለ ባለ መሳቢያ ሳጥን እንዲሠሩላት ጠየቀቻቸው፤ ጋሽ ሰዒድ ግን እናትየውን ካላየሁ አልሠራም አሉ። ሴትየዋ እናቷን ይዛ መጣች። ጋሽ ሰዒድ አሮጊቷን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጠው እጃቸው እስከ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ጣት እንደሚያማቸው ጠየቋቸው። አሮጊቷም የጋሽ ሰዒድን እጅ አዩና፣ "የአንተስ ያምሃል?" አሏቸው። "በብርድ ጊዜ" አሉ ጋሽ ሰዒድ። ከተጎዱ ጀምሮ ስለ እጃቸው ሕመም ሲያወሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የዚያን ቀን ምሳ አብረን በላን። ስለ ሹመቱ ያን ጊዜም ከዚያ በኋላም አንስተን አናውቅም። መሳቢያ ያለው ሥራ ሁሉ ግን ከዚያ ወዲህ የሳቸው ሆነ፤ ደንበኛውም ከእኔ አልፎ ወደ እሳቸው ይሄድ ጀመር። ሐጂም አይተው አልከለከሉም።

ጋሽ ሰዒድ በበርበራ መስመር ሾፌር የሆነው ልጃቸው ወስዶ ከራሱ ጋር እስኪያኖራቸው ድረስ ከጎኔ ሠርተዋል። አሁን ሥራ ቤቱ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነኝ። አዲስ ለሚገቡ አናጢዎች የምለው ይህን ነው፦ መሳቢያ ከመቁረጣችሁ በፊት የሚከፍተውን ሰው ጠርታችሁ እጁን እዩ። ስፋትና ቁመቱ ከዚያ በኋላ ይለካል።