የነጋሳን ጎማ የሰፋችው ዲንቄ

ዲንቄ ጉቱ ጎማ ስትፈታ ቡሎኑን ትሳደባለች። «ና ውጣ፣ አንተ ግትር! አማትህ ቤት ነው የተጋደምከው?» ትለዋለች። የዛገ ቡሎን ሳይቀር እየጮኸ ይወጣላታል። ከአዳማ ወደ ሞጆ መውጫው ላይ፣ አሮጌ ጎማ ግንድ ላይ የተሰቀለበት፣ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» የተጻፈበት ቆርቆሮ ቤት የሷ ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ክንዷ የወዛደር፣ ምላሷ የጠበቃ። የሲኖትራክ ሹፌር እንኳን ወረፋ ሊዘል ብድግ ሲል ጎማ ማውጫ ብረቷን ያይና ቀስ ብሎ ይቀመጣል።

ይቺው ዲንቄ ግን አንድ ነገር አለቻት፤ እሷን ካነሳች ሰፈሩ በሙሉ ሙድ ይይዝባታል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ።

«የነጋሳን ጎማ የሰፋሁት እኔ ነኝ» ነው የምትለው።

ነጋሳ ቱፋን ከሞጆ እስከ ባቱ የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የመኪና እሽቅድድም ንጉሥ ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት ከአዳማ ባቱ ደርሶ መልስ ውድድር ሲደረግ፣ በቢጫ ፊያቱ፣ «ቀበጧ» በሚላት፣ አቧራውን እያበነነ አንደኛ ሆኖ ሲመለስ ኮቃ ላይ ጎማው በጎኑ ተተረተረ። ትርፍ ጎማውን መቂ ላይ ተጠቅሞበታል። አለቀለት ሲባል አሸነፈ። እንዴት? ራሱ እስኪሞት ያወራው ነበር፦ «አንድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ በመረብ ክር ሰፋልኝ። እሱ ባይኖር እስካሁን ኮቃ ቆሜ ነበር።»

ያ ልጅ ማነው ታዲያ? አዳማ መልሱን ያውቃል። አብዱልሃኪም ነዋ! ያኔ ኮቃ መንገድ ዳር ዓሣ ይሸጥ የነበረው፣ ዛሬ ሦስት አይሱዙ ያለው፣ የነጋሳ አድናቂዎች ሊቀመንበር። ሰርግ ላይ ያወራዋል፣ ለቅሶ ላይ ያወራዋል፣ ትራፊክ ሲያስቆመው ያወራዋል። «መርፌዋን እንዲህ ያዝኩ... ጥቅ! ጥቅ! ጥቅ!» እያለ በአየር ላይ ይሰፋል። ትራፊኩም ስቆ ይለቀዋል።

ዲንቄ ይህን በሰማች ቁጥር የያዘችውን ትጥላለች።

«ዋሽቷል! መርፌ በየት በኩል ክር እንደሚገባበት አያውቅም!»

«ተይ እንጂ ዲንቄ» ይላታል ጎረቤቷ ሱሩር፣ ባጃጁን ደጇ ላይ አቁሞ ጫት እየቀነጠሰ። «ነጋሳ ያለው ‹ልጁ› ነው። አንቺ ደግሞ ልጅቷ ነሽ።»

«የወንድሜን ካፖርት ለብሼ ነበር አልኩህ! ኮፍያም አድርጌያለሁ! በአቧራ ውስጥ ማን ማንን ይለያል?»

«ምስክርስ?»

«ሐይቁ!»

«ሐይቁን ጠርተሽ አምጪዋ» ይልና ይንተከተካል።

እውነቱ ግን እውነት ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የአባቷን የጉቱን መረብ ስትጠግን ቢጫዋ መኪና እያነከሰች መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ቱፍ... ቱፍ... ጭጭ። ነጋሳ ወርዶ ራሱን ያዘ። ዓሣ አጥማጆቹ ተሯሩጠው መኪናዋን በእጃቸው አነሱለት፣ ሥሯ ድንጋይ አስገቡና ከኋላ የሚመጡትን ተወዳዳሪዎች ሊያዩ ሮጡ። ነጋሳ ጎማውን ከቸርኬው እንዳወጣ ዲንቄ ማንንም ሳትጠይቅ መርፌዋን ይዛ ተንበረከከች። አሥራ አንድ ጥልፍ ጣለች። ክሩ የውስጡን ጎማ እንዳይቆርጠው ጠንከር ያለ ነገር ማንጠፍ ነበረባት፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ምንም የለም። ከዚያ የራሷን እግር አየች። ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ። የግራውን አወለቀች፣ ሶሉን በዓሣ ቢላዋ ገሽልጣ ውስጥ አስገባችው። ነጋሳ ጎማውን አስሮ፣ ነፍቶ፣ ኮፍያዋን በመዳፉ ጨፍለቅ አደረገና «ጎረምሳው፣ ዕዳህ አለብኝ!» ብሎ ተፈተለከ።

ያቺን ጫማ አባቷ ከገዛላት ገና ሳምንቷ ነበር። ማታ ሲጠይቃት «ሐይቁ ወሰደው» አለችው። ጉቱ ምስኪን ሁለት ቀን ዳርቻውን ዞሮ ፈለገ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ መረብ በጣለ ቁጥር «አንተ የልጅ ጫማ ሌባ!» እያለ ሐይቁን ይሰድብ ነበር። ለዚህ ነው ዲንቄ ስለ ክሩ ለዓለም ስታወራ ስለ ጫማው ለአንድ ሰው እንኳን ትንፍሽ ያላለችው። አፈረች።

ጎሚስታ የሆነችውም ያን ቀን ጎማ እጇ ላይ ስለቀረ ነው። አዳማ ገብታ ሙያውን ስትይዝ አንድ ቀን ፀጉሯን ተሠርታ «እኔ ነኝ» ልትለው ነጋሳ ቤት ሄደች፣ ቦኩ ሰፈር። በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ውስጥ ብታይ ነጋሳ አብዱልሃኪምን ትከሻውን አቅፎ ምሳ ያበላዋል። ዞራ ተመለሰች። ያንን ደጃፍ ከዚያ ወዲህ አልረገጠችውም።

ነጋሳ ባለፈው ዓመት አረፈ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልጁ ሜሪ የግቢውን በር ለአድናቂዎቹ በረገደችው። ዘጠኙ መኪኖቹ ታጥበው፣ ተወልውለው፣ ዛፍ ሥር ተደረደሩ። ፔጆው አለ፣ ሁለቱ ቮልሶች አሉ፣ ጭቃ የማይበግረው ላንድሮቨር አለ፣ ፊት ለፊት ቀበጧ እንደ ሙሽራ ቆማለች። ከባቱ መጡ፣ ከአቦምሳ መጡ፣ ከኮቃ ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ መጡ። ወሬው ደራ።

«ሞጆ ያዘዘውን ሻይ ባቱ ደርሶ ነው ያማሰለው» አለ አንዱ።

«ያንተ ምን አላት! እኛ አቦምሳ በዚህ ላንድሮቨር ሙሽራ ከጭቃ አውጥቶልናል። ሙሽራዋ ‹አንድ ዙር ልንዳ› ብላ ሚዜዎቹን ጥላ ሄደች!»

«ባሏስ?»

«ባሏ እስካሁን በእግሩ እየመጣ ነው።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። በመሃል ሜሪ ብቅ አለች፤ ቀጠን ያለች፣ አባቷን ቁርጥ። የቀበጧን የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላውን፣ ከፍታ አንድ አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው እያንከባለለች አመጣች።

«ይቺ የኮቃዋ ጎማ ናት» አለች። «አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነዳባትም፤ ለሰውም አላስነካም። ‹የሰፋት ሰው ካልሆነ ማንም አይፈታትም› ብሎኝ ነው የሞተው። ጋሽ አብዱልሃኪም፣ ይኸው፣ የእርስዎ ናት። ይፍቱልንና ስፌቱን እንየው።»

ጭብጨባ! አብዱልሃኪም ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎማዋ ላይ ወጣ። በዚህ ገፋት፤ እምቢ። በዚያ ረገጣት፤ እምቢ። ብረት አስገብቶ ሲያነሳ ብረቱ ተስፈንጥሮ ጆሮውን ለትንሽ ሳተው። ጎማ ከቸርኬ ማውጣት ወሬ አይደለማ። ላቡን ጠረገና ሳቅ እያለ፦

«እኔ የሰፋሁ ነኝ እንጂ ፈቺ አይደለሁም። ኧረ ጎሚስታ ጥሩ!»

ሰው አድርሶ በር ላይ ቆሞ የነበረው ሱሩር ይህን ሲሰማ የባጃጁን መሪ ሳመው። ትርትርትርትር እያስባለ በረረ።

«ዲንቄ! ተነሺ! ብረትሽን ያዢ!»

«ማን ተበላሸበት?»

«አብዱ ‹ልጁ›!»

መንገድ ላይ ሁሉን ነገራት። ሱሩር በሕይወቱ ዲንቄ ዝም ስትል ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። የቦኩ በር ጋ ሲደርሱ ቆም አለች። ጎማዋን ለሌላ ሰው ፈትታ ብትወጣ በቃ፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ እዚያው ይቀበራል። ከእንግዲህ ሌላ ምስክር የለም። ብረቷን ጨበጠችና ገባች።

«አካም ጅርቱ!» ብላ ሁሉንም ሰላም አለች።

አብዱልሃኪም ሲያያት ፊቱ እንደ ተነፈሰ ጎማ ወረደ። «ሌላ ጎሚስታ ጠፋ?»

«አለ፤ ግን ያንተን ሥራ የሚያውቅ የለም» አለችና ተንበረከከች። የነፋሱን መግቢያ ፈታ ፉፉፉ... አስተነፈሰችው። ከዚያ ብረቷን የጎማው ከንፈር ላይ አሳርፋ ቆመች። «ሳልከፍተው አንድ ነገር ልጠይቅህ አብዱ። ውስጡ ምን አለ?»

«ክር ነዋ! የመረብ ክር!»

«ከክሩ ሥር?»

«ከክሩ ሥርማ... አየር!»

አንዳንዱ ሳቀ። ዲንቄ ግን አልሳቀችም። ወደ ሜሪ ዞረች።

«ሜሪዬ፣ ከክሩ ሥር የጫማ ሶል አለ። ሰማያዊ ኮንጎ። የግራ እግር። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአባቴም ዋሽቼዋለሁ። ከሌለ ብረቴን እዚሁ ጥዬ ጎሚስታነቱንም እተወዋለሁ።»

«ኧረ ተይ ዲንቄ!» አለ ሱሩር ከኋላ። ሁልጊዜ የሚስቅባት ሰውዬ አሁን ሊያስቆማት ክንዷን ያዘ።

ሁለት ጊዜ ተጫነች። ሦስተኛው ላይ ጎማው ጧ! ብሎ ከቸርኬው ለቀቀ። የውስጡን ጎማ ስባ አወጣች፣ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፣ ዳበሰች። መጀመሪያ ምንም አላገኘችም፤ እንደገና ዳበሰች። እጇን ስታወጣ መዳፏ ላይ አንድ የታጠፈ፣ የጠቆረ ነገር ነበር። በቀሚሷ ጠረገችው። ሰማያዊ።

«አሃ!» ብሎ ዘለለ አብዱልሃኪም። «ትዝ አለኝ! ጫማዬ! የኔ ጫማ ነው፣ ረስቼው እኮ ነው!»

ሜሪ ሶሉን ተቀበለችና ገለበጠችው። ሥሩ ላይ ቁጥር ታትሟል።

«ሠላሳ ስድስት» ብላ አነበበች።

ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ የአብዱልሃኪምን እግር አየ። የአብዱልሃኪም ጫማ አርባ አራት ነው፤ ጀልባ በለው። በልጅነቱም ኮቃ ላይ «አብዱ መቅዘፊያ» ነበር የሚባለው፤ ይህን ደግሞ ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ሽማግሌ ጮክ ብሎ አስታወሰ። አብዱልሃኪም አንዱን እግሩን በሌላው ሊሸፍን ሞከረ። በምን ይሸፈናል? ፔጆው ጀርባ ሄዶ ቆመ።

ያን ጊዜ ግቢው ፈነዳ። ፉጨቱ፣ እልልታው! የአቦምሳው ሰውዬ የላንድሮቨሩን ጥሩምባ ተጫነው። ሱሩር ዲንቄን ሊሸከማት ሞክሮ አቃተውና ተሸካሚ ጠራ።

ሜሪ ግን የዲንቄን እጅ ይዛ ታየው ነበር። «አባዬ ሁልጊዜ ምን ይል ነበር መሰለሽ እትዬ ዲንቄ? ጋሽ አብዱልሃኪም በሄደ ቁጥር ‹የዚያ ልጅ እጅ ትንሽ ነበረች፤ እንዴት እንዲህ አደገች?› እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አልረሳሽም እኮ።»

ዲንቄ በጥቁር እጇ ዓይኗን ጠርጋ ፊቷን ጎማ አስመሰለችው።

አብዱልሃኪም ከፔጆው ጀርባ አንገቱን አወጣ። «ዲንቄ... ያኔ እኮ ነጋሳን ‹እኔ ነኝ› አላልኩትም። ሰውየው ‹አንተ ነህ?› አለኝና መልሴን ሳይሰማ ክትፎ አዘዘ። ርቦኝ ነበር። ክትፎ እምቢ ይባላል?»

«ክትፎው አንድ ቀን ነው አብዱ። ሃያ ስምንት ዓመት ምን ስትበላ ነበር?»

«እሱን ብቻ» አለ፤ ራሱም ሳቀ፤ እሷም ሳቋ አመለጣት።

ከምሳ በፊት መኪኖቹ ተሰልፈው ወደ ኮቃ ወጡ። መሪዋ ቀበጧ ናት፤ መሪዋን የያዘችው ሜሪ። ከጎኗ ያለው ወንበር ለሊቀመንበሩ ነበር የተያዘው። እዚያ ላይ ዲንቄ ተቀመጠች፣ አሮጌዋን ጎማ እንደ ሕፃን ታቅፋ። ድርርርር... ቮውውው! ገና ከአዳማ ሳይወጡ ጋሪ ነጂዎች ቆመው አጨበጨቡ። የሷ ቆርቆሮ ቤት ጋ ሲደርሱማ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ለተሰቀለው ጎማ እጇን አውለበለበችለት።

ኮቃ ሲደርሱ ብቻዋን ወደ ውሃው ወረደች። ዙሪያዋን አየችና ዝቅ ብላ «ይቅርታ» አለችው ሐይቁን። «አባቴ ያለ ጥፋትህ ሲሰድብህ ኖረ። ሌባዋ እኔ ነበርኩ።» ውሃው ጫማዋን ላስ አድርጎ ተመለሰ።

ወደ ላይ ስትወጣ አብዱልሃኪም በሰው ተከቧል። እጁ አየር ላይ ነው፤ አሁን ግን አይሰፋም፤ የሆነ ነገር ወደ ላይ እያነሳ ነው።

«እሷ ስትሰፋ ታዲያ መኪናዋን ማን ያዘላት? ክሪኩን የያዝኩት እኔ ነኝ! ለአፍታ ብለቀው ኖሮ...»

የባቱ ሰዎች እሱን አላዩትም። ዞረው ዲንቄን አዩ።

«እውነት ነው እትዬ ዲንቄ?»

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «እውነት ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጥያቄውን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ትንሽ አገላበጠችው።

«ክሪክ አልነበረም» አለች። «መኪናዋን ዓሣ አጥማጆቹ አነሷት፣ ሥሯ ድንጋይ ገባ።»

የአብዱልሃኪም ትከሻ ወረደ። ዲንቄ አየችውና አሳዘናት።

«ድንጋዩ ግን እሱ ሊሆን ይችላል» አለች። «ዝም ብሎ ነበር፤ በደንብ አላየሁትም።»