በረኪናው ብቻውን ነው?

በረኪና ሲሸተኝ እግሬ ዝም ብሎ አይቆምም። አሁን የምሰራው ባህር ዳር፣ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፣ እና ይሄ ሽታ በቀን ስንቴ እንደሚመጣብኝ አትጠይቁኝ፤ ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ግን የሆቴሉን አንሶላ ረስቼ፣ ካርቱም ገብቼ፣ ካላክላ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ቆርኪ የምደረድር ልጅ እሆናለሁ፤ እህቴ ማሂ ከላዬ ቆማ «እንዳትሰርቅ ናቲ!» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ እማዬ መጣች አልመጣች እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ።

እማዬ ካፉሪ የሚባል የሀብታም ሰፈር፣ አንዲት መዳም ቪላ ውስጥ ነበር የምትሰራው። ከእኛ ሰፈር ካፉሪ ማለት በሃፍላ፣ በዚያ በታጨቀ ሚኒባስ፣ ከተማውን ሙሉ አቋርጠህ፣ ድልድይ ተሻግረህ ስለሆነ፣ እዚያው እያደረች ሐሙስ ማታ ትመጣና ጁምዓን ከእኛ ጋር ውላ ትመለስ ነበር። አባታችን ወደ ሊቢያ አልፎ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፣ ስለሱ አላወራም። ቤቱን የምትይዘው ማሂ ነበረች፣ እሷም ሸሃዳ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ ልትቀመጥ ነበር። እማዬ የሰው ሽንት ቤት የምትፈትገው ለዚህች ፈተና ነበር፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። «አንቺ ብቻ ተፈተኚ፣ እኔ ወለሉን በምላሴም ቢሆን አጸዳዋለሁ» ትላት ነበር፣ ማሂ ደግሞ «በምላስሽማ ይቆሽሻል፣ ስንት ሰው ስትሰድቢበት ነው የዋልሽው» ብላ ታስቃት ነበር።

ብርዱ ገባ ሲል ነው ነገሩ የተነሳው። መጀመሪያ ዳቦ ጠፋ፣ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመን ቆመን ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር፣ ከዚያ ሰዉ ወረፋውን ትቶ አስፋልት ወጣ፣ ጎማ ነደደ፣ ፖሊስ ቡምባን መተኮስ ጀመረ፣ ቡምባን የሚሉት አስለቃሽ ጭሱን ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ፣ ማሂ ግን ልታብድ ደረሰች። ኬሚስትሪውን ለብቻዋ ስታጠና ስታጠና ውላ፣ እንዳልገባት የገባት ቀን፣ እኔን ጎትታ አስቀመጠችኝና ተማሪ አደረገችኝ። «ለአንተ ለደነዙ ካስረዳሁ፣ ፈተናው ምን ያቅተኛል» አለች።

ሰሌዳ የለንም፣ ቆርኪ ግን ሞልቶ ነበር። ከሱቅ በር ላይ እየለቀምኩ የማጠራቅመው የለስላሳ ቆርኪ ነበረኝ፣ እሷ ወረሰችው። ቀዩን ኦክስጅን አለችው፣ ነጩን ሃይድሮጅን፣ አረንጓዴውን ክሎሪን፣ ሰማያዊውን ሶዲየም። አሸዋው ላይ በጣቷ ቀስት ትስልና፣ «በግራ ያሉት የሚገቡት ናቸው፣ በቀኝ ያሉት የሚወጡት። የገባው ሁሉ መውጣት አለበት፣ አንድ ቆርኪ አይጨመርም፣ አንድ ቆርኪ አይጠፋም፣ የሚቀየረው ማን ከማን ጋር እንደተጣበቀ ብቻ ነው። ሪአክሽን ማለት ይኸው ነው፣ ጓደኛ መቀያየር» ትለኝ ነበር። ከዚያ ውሃ ስራ ትለኛለች። ሃይድሮጅን ብቻውን አይሄድም፣ ሁለት ነጭ ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ ኦክስጅንም ሁለት ቀይ ተጣብቆ። ውሃ ግን ሁለት ነጭና አንድ ቀይ ነው። እና ስሰራው ሁልጊዜ አንድ ቀይ ይተርፈኝ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ ኪሴ እከተው ነበር።

«የደበቅከውን አምጣ!»

«ተቃጥሎ ነው የጠፋው!»

«አይጠፋም አልኩህ እኮ! ሌባ!»

«እሺ፣ እዚሁ ውሃው ላይ ልለጥፈው?»

«ለጥፈውና ውሃ መሆኑ ይቅር። እትዬ አበባ ጸጉሯን ቢጫ የምታደርግበት ነገር ነው የሚሆነው፣ ያንን ጠጣ እስቲ!»

እትዬ አበባ የግቢ ጎረቤታችን ነበረች፣ እማዬ ከምትሰራበት ቀጥሎ ያለው ቪላ ውስጥ የምትሰራ፣ ጸጉሯ የበቆሎ ጢም የመሰለ ሴት።

ማሂ ያኔ ያለችኝ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ነገሩን ራሱን መነካካት አትችልም፣ ውሃ ውሃ ነው። መቀየር የምትችለው ስንት እንደሚገባና ስንት እንደሚወጣ ነው። ሌላ ጥንድ ነጭ ጨምር፣ ውሃውን ሁለት አድርገው፣ በቃ።» ጨመርኩ። ሁለት ጥንድ ነጭ፣ አንድ ጥንድ ቀይ፣ ሁለት ውሃ፣ ኪሴ ባዶ። ተናደድኩ፣ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ቀድማ አልነገረችኝም?

እማዬ ሐሙስ ማታ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው እኛን ማሽተት ነበር። ግንባራችንን የምትስም መስላ በአፍንጫዋ ትስበንና፣ «አንተ ጎማ ስታቃጥል ነው የዋልከው» ብላ ጆሮዬን ትይዝ ነበር። ወተቱ ሊበላሽ መሆኑን ከወተቱ ቀድማ ታውቅ ነበር። ስራዋም በአፍንጫ ነበር። ካፉሪ በረኪናውም የሽንት ቤት አሲዱም በትልልቅ ጀሪካን ይገዛና፣ ሴቶቹ ለስራ እንዲቀላቸው ወደ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይገለብጡታል፣ ስም የለው፣ ወረቀት የለው፣ ሁለቱም ሲታዩ ውሃ መሳይ ናቸው። አዲስ የገባች የሀበሻ ልጅ ሁለት ፕላስቲክ ይሰጣትና «አሽትተሽ ለዪ» ትባል ነበር፣ የለየች ስራ ትጀምራለች፣ ያልለየች እስክትለይ ሰሃን ታጥባለች። ሁለቱ እንደማይስማሙ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ለምን እንደማይስማሙ ግን አንዷም አታውቅም። ፈታኟ እማዬ ነበረች። «አፍንጫዬ ሸሃዳ አለው» ትል ነበር።

እና በዚያው ብርድ፣ ካፉሪ አጠገብ ሰልፈኛ ሲያባርሩ፣ አንድ ቡምባን አጥር ዘሎ እማዬ ልብስ የምታሰጣበት ግቢ ውስጥ ወደቀ። መዳምና ልጆቿ ሮጠው ገብተው በር ዘጉ፣ እማዬ ጭሱ ውስጥ ቆማ የሰው ልብስ ስትሰበስብ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ ታፈነ።

ሙቀቱ መጣ። ትልቁ ሰውዬ፣ ፕሬዝዳንቱ፣ ወረደ ተባለ፣ ከተማው በክላክስና በእልልታ ተናወጠ፣ የማናውቃቸው ሰዎች «ያ ሀበሺ፣ መብሩክ!»፣ እንኳን ደስ አለህ ማለት ነው፣ እያሉ አቀፉን፣ እኔም የጦሩ መስሪያ ቤት ፊት ሰዉ ተቀምጦ ወደሚውልበት ሾልኬ ሄጄ፣ የነጻ ሻይ ጠጥቼ፣ የነጻ ፉል በልቼ፣ ትርጉሙ ያልገባኝን መፈክር ስጮህ ውዬ መጣሁ። ሐሙስ እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ፣ በአፍንጫዋ ሳበችኝ፣ ጆሮዬን ግን አልያዘችም። ጸጉሬ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር። ማሂ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

«እማዬ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

«ጉንፋን ነው። ደግሞ ለአበባ እንዳትነግሯት።»

ማሂ ተፈትና እስክትጨርስ፣ እማዬ አፍንጫዋ የጠፋባት ሰራተኛ መባል አልፈለገችም። ከዚያ የሁቡብ ጊዜ ገባ፣ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከተማውን ሲውጠው የጤነኛም አፍንጫ ይደፈናል፣ የእሷማ ጨርሶ ተዘጋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረክሻ፣ እዚህ ባጃጅ የምትሉት ማለት ነው፣ በራችን ላይ ቆመና እትዬ አበባ እማዬን ደግፋ አወረደቻት። አይኗ ደም መስሏል፣ ትንፋሿ ያፏጫል፣ ትንሽ ትራመድና ግድግዳ ትይዛለች። በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በረኪና አፍስሳ፣ በረኪና የጨመረች መስሏት አሲዱን ደፍታበት ነው። አሽትታው ነበር፣ ምንም አልሸተታትም። ሀኪም ቤት ኦክስጅን ሰጥተው፣ ሳንባዋ ተቃጥሏል፣ እረፍት ታድርግ ብለው ላኳት። መዳም ስትደውል አላህ ይማራት አለች፣ አስከትላ ደግሞ ቤቱ ሰው ይፈልጋል፣ ካልሆነ ሌላ አመጣለሁ አለች።

ማሂ ቆርኪዎቼን አምጥታ እማዬ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ደረደረች። በረኪናው አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ። አሲዱ አንድ ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። በቀኝ በኩል ሰማያዊውንና አረንጓዴውን አጣብቃ ጨው ሰራች፣ ውሃ ልትሰራ ስትል ነጭ ጎደላት። ደጋግማ ቆጠረች።

«አሲዱን ሁለት አድርጊው» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ጨመረች። ጨው ሆነ፣ ውሃ ሆነ፣ ሁለት አረንጓዴ ተረፉና እርስ በርስ ተጣበቁ። ልክ መጣ። ምንም ሳልደብቅ፣ ማንም ሳይነግረኝ ልክ ያመጣሁት የመጀመሪያው እሱ ነው፣ እና ልክ በመምጣቱ ብቻ ቆርኪውን በእግሬ ልበትነው ፈለግኩ።

«ምንድን ናቸው እነዚህ?» አለች እማዬ፣ ትንፋሿን እየቆጠበች።

«ይሄ ጨው ነው እማዬ። ይሄ ውሃ። እነዚህ ሁለቱ ክሎሪን ናቸው፣ ጋዝ ነው፣ ይበራል።»

እማዬ ትንሽ አየቻቸውና፣ «አሃ» አለች፣ «ጨውና ውሃው ለመዳም ቀረ፣ አረንጓዴውን እኔ ይዤው መጣሁ።»

ማሂ ካፉሪ ሄደች። እማዬ እስኪሻላት ተባለ። መጽሐፏን ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ሄደች፣ ሐሙስ ስትመጣ ግን እጇ ተላልጦ፣ መጽሐፉን ሳትገልጠው ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ፈተናው በግርግሩ ተላልፎ ተላልፎ፣ ዝናቡ ጀማምሮ ግቢያችን ጭቃ ሲሆን ቀኑ ተቆረጠ፣ ቅዳሜ ይጀምራል ተባለ። መዳም «እንግዳ አለብኝ፣ ከቀረሽ አትመለሺ» አለቻት። መንገድ ላይ ሰዉ ሁሉ አገሩ ተቀየረ እያለ ይዘፍን ነበር፣ የኔ ደም ግን ይፈላ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ተቀይሮ ይሆናል፣ የመዳምን መታጠቢያ ቤት የሚፈትገው ግን ያው የእኛ ቤት ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የስራ ቦርሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት።

«እኔ እሄዳለሁ። አንቺ ፈተናሽ ሂጂ።»

«እማዬ፣ ሃፍላው ጋ ሳትደርሺ ትወድቂያለሽ!»

«ብወድቅም ካፉሪ ደርሼ ነው የምወድቀው!»

ቦርሳውን ወዲህና ወዲያ ይጓተቱታል፣ አንዷ ትስላለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ የፈተናው ሰዓት ይሄዳል። እኔ መሃል ቆሜ የታየኝ ቆርኪ ነው። እማዬ እማዬ ናት፣ ማሂ ማሂ ናት፣ እነሱን መነካካት አይቻልም፤ የሚቻለው ሌላ መጨመር ነው። ቦርሳውን ነጠቅኳቸውና «ያላ! አንቺ ተኚ፣ አንቺ ሩጪ!» ብዬ ሄጄ ሃፍላ ላይ ተንጠለጠልኩ።

መዳም በሩን ከፍታ ስታየኝ ሳቀች።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ እህትህስ?»

«ሸሃዳ ላይ ናት።»

«አንተ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«እሷ እስክትጨርስ እሷ እኔ ነኝ።»

እንግዶቿ መንገድ ላይ ስለነበሩ ነው መሰለኝ አስገባችኝ። መታጠቢያ ቤቱን ስከፍት ፕላስቲኮቹ ተደርድረዋል፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ በሚስማር ተበስቶ በክር የታሰረ ቆርኪ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ላይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ሌላኛው ላይ ነጭና አረንጓዴ። እኔን ሌባ ስትለኝ የከረመች ልጅ ቆርኪዬን ሰርቃኛለች! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ በረኪናውን ብቻ አንስቼ ስራዬን ጀመርኩ። ማሽተት አላስፈለገኝም። እትዬ አበባም አይታ አሰረች፣ ከእሷ ሌሎቹ፣ እና የዚያ መንገድ ሀበሾች ሁሉ በየቪላው ፕላስቲክ ላይ የአንገት ሀብል ማሰር ልማድ አደረጉት።

ማሂ አለፈች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ለፈተናው ብዬ የገባሁበት ቪላ ውስጥ ቀረሁ። እማዬ መስራት አልቻለችም፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት «ከሚቀጥለው ወር እገባለሁ» እል ነበር፣ የሚቀጥለው ወር ሁልጊዜ የሚቀጥለው ወር ነበር። ማንም አልገፋኝም፣ ለዚህ ነው ንዴቴን የማራግፍበት ሰው ያጣሁት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁሉንም በተነው፣ በመተማ ወጥተን እዚህ ገባን። ማሂ ዲግሪዋን ሳትጨርስ ቀረች፣ አሁን የሰው ልጆች ቤት ለቤት ታስጠናለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ቆርኪ ይንኳኳል። «ምንም አይጠፋም ናቲ፣ ቦታ ነው የሚቀያየረው» ትለኛለች አሁንም። «እሺ የካላክላ ቤታችን የት ገባ? የኔ ትምህርት የት ገባ? ከቀስቱ በየት በኩል ነው ያለው?» ብዬ እጮህባታለሁ። ሻይ ትቀዳልኛለች። እኔ ሆቴሉ ውስጥ ፕላስቲኩ ላይ ቆርኪ አስሬያለሁ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

የእማዬ አፍንጫ ግን አልተመለሰም። ያኔ እሷ ነበረች እኛን የምታሸተን፣ አሁን እኛ ነን ለእሷ የምናሸትላት፣ ወተቱን፣ ወጡን፣ ከጎረቤት የሚመጣውን ጭስ። ከስራ ስገባ ግን አሁንም ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ትስመኛለች፣ በአፍንጫዋ ትስበኛለች፣ ያቺ ፉጨት አሁንም ደረቷ ውስጥ ትሰማለች።

«ምን ምን ትሸታለህ?»

«በረኪና።»

«ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው እማዬ።»

ያኔ ነው ጭንቅላቴን የምትለቀው።